ለልጆች ገና አልመጣም

ልጄን ፉአድን በመጀመሪያ ያሳመመው ጥርስ ነው አሉኝ። ቀጥሎ እንጥል ነው አሉ። ከዚያ ጃርዲያ፣ ከዚያ ወባ፣ ከዚያ የምግብ እጥረት። ትክክለኛው ስም እስኪጠራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚጠረጥሩ ሰዎች በዙሪያችን ነበሩ፤ ፈርተው ዝም አሉ። እኔም ፈርቼ ዝም ካሉት አንዷ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማንንም ብወቅስ ራሴን ጨምሬ ነው።

ከድጃ እባላለሁ። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልጄ ያደግሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የተዳርሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኑርሁሴን ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ዕቃ ሊያመጣ መተማ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ይቆያል። ሰሚራን ከወለድን በአራት ዓመቱ ፉአድ ተወለደ። ፉአድ ዳዴ ማለት ሲጀምር ኑርሁሴን ማሳል ጀመረ። ልጁ ቆሞ ሲሄድ አባቱ ተኛ። የሞተው በሳንባ ምች ነው ተባለ። አጥበው የከፈኑት ሰዎች ምን ያህል ቀሎ እንደነበር አይተዋል፤ ማንም ግን ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የሚመለስልኝን አውቀው ነበርና።

የፉአድ ተቅማጥ ሲመጣ ሲሄድ ከረመ። ሁለት ሳምንት ይተወዋል፣ ፊቱ መለስ ሲል ደግሞ ይጀምረዋል። መብላት እምቢ አለ። እንጥሉ ወርዶ ነው የማይውጠው ብለውኝ ሰፈራችን ውስጥ ወደምትቆርጥ ሴት ወሰድሁት። እኔው ራሴ በጭኖቼ መካከል አጥብቄ ይዤ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሼ አፉን አስከፈትሁት። ምላሱና ላንቃው እንደ እርጎ ባለ ነጭ ነገር ተሸፍኖ ነበር። ሴትዮዋ በጨርቅ ጠረገችውና ሥራዋን ሠራች። ያ ነጭ ነገር ሰውነቱ መከላከል ሲያቅተው የሚበቅል ፈንገስ እንደሆነ፣ አለመብላቱም ስለሚያቃጥለው እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልጄ አፉ ቆስሎ ሳለ እኔ አስቆረጥሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ጻፍሁት።

ከዚያ እኔን ጀርባዬንና የጎድን አጥንቴን ዙሪያውን እንደ መቀነት ያዘኝ። ውሃ የቋጠረ ቁስል ነው፤ ልብስ ሲነካው እሳት ነው። አልማዝ ባለጭራ ይሉታል። አንድ የግል ክሊኒክ ቅባት ሰጠኝና "ከድካም ነው፣ አረፍ በይ" ብሎ ሸኘኝ። በዚያው ሰሞን የሰሚራ ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር አብጦ አልሟሽሽ አለ። ጆሮ ደግፍ ነው አሉን። ጆሮ ደግፍ በሳምንት ይድናል፤ የሷ አራት ወር ቆየ። ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት፣ ሦስት ዓይነት በሽታ፣ ሦስት ዓይነት ስም። አንድም ሐኪም ሦስታችንን አንድ ላይ አላየንም።

ያየችን ሲስተር ብርቱካን ናት። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ነርስ ነበረች። ፉአድን ለተቅማጡ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዤው ስሄድ ካርዱን ከማገላበጧ በፊት እኔን አየችኝ።

"ባለቤትሽ የት ነው?"

"ሞቷል።"

"በምን?"

"በሳንባ ምች።"

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ከድጃ፣ ደም እንውሰድ። ከአንቺም፣ ከሁለቱም ልጆች።"

እምቢ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ያስመለሰኝ ድፍረት አይደለም፤ ፉአድ ተቅማጡ በክንዴ ላይ ወርዶ ነበር፣ የምጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ ነው የተመለስሁት። እሷ ራሷ ጠረገችው። ያለ ጓንት። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልሁም።

ውጤቱ የሦስታችንም አንድ ሆነ፦ ኤችአይቪ።

"መድኃኒት አለው አይደል?" አልኋት። ስለ መድኃኒቱ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር።

"በዓለም ላይ አለ" አለችኝ። "እዚህ የለም።"

"የት ነው ያለው? እሄዳለሁ።"

"የምትሄጅበት አይደለም።"

ከዚያ ያለውን ነገር አስተማረችኝ። ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጡ። ለአፍ ቁስል ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ ቀለም መቀባት። ሌላ በሽታ እንዳይደርብባቸው ባክትሪም የሚባለውን ሽሮፕ በየቀኑ መስጠት። ተቅማጥ ሲጀምር ኦአርኤስ በጥብጦ በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ፣ ቢያስመልሰው እንኳ እንደገና። አጥሚቱ ውስጥ እንቁላል ወይ ቅቤ መጨመር። ትኩሳት ሲነሣ ዛሬ ነገ ሳይሉ መምጣት። እኔም በመጽሐፍ እንደተጻፈ አድርጌ ያዝሁት። ብዙ እናቶች መድኃኒት ከሌለ ምን ዋጋ አለው ብለው ቤታቸው ቀሩ። ዋጋ አለው። ሰሚራን እስከ መድኃኒቱ ያደረሳት ይኸው ነው። ፉአድን ግን አላደረሰውም።

በየወሩ ለባክትሪም የምንጠብቅበት ኮሪደር ጫፉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደመጣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከጥርስ ሐኪሙ በር አጠገብ ቆመን ነው የምንጠብቀው፤ ስማችን ሲጠራ ተሽቀዳድመን እንገባለን። እኔ ሻሼን እስከ አፍንጫዬ እስብ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሳይደበቅ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። አያ ጓዴ ይባላሉ፤ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸው ውስጥ ይታይሽ የምትባል የልጃቸውን ልጅ አቅፈዋል። እናቷም አባቷም ሞተዋል።

"አንቺ ልጄ፣ ምነው ቆመሽ? ልጅሽ ከብዶሻል፣ ነይ ተቀመጭ" አሉኝ።

"ጥርሴን ልታይ ነው አያ" አልሁ።

ሳቅ አሉ። "እኔም እንዳንቺ ጥርሴን ታምሜ ነበር። ሦስት ወር ቆሜ ሳየው ጉልበቴ አልቻለም።"

ሄጄ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ ጎን ለጎን ነው የምንጠብቅ። ይታይሽ አራት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ታክላለች። ፉአድን በጣቷ እየነካች ትስቃለች። አያ ጓዴ ሽሮፑን ሲቀበሉ ማንበብ ስለማይችሉ ጠርሙሱ ላይ በሚስማር ምልክት እሠራላቸው ነበር፤ በየቀኑ ስንት ማንኪያ እንደሆነ በጭረት። "ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው" እያሉ በጣታቸው ይዳስሱታል። ሚስታቸው ልጅቷን ጸበል ብቻ ይበቃታል ብላ እንደምትጣላቸው ነገሩኝ። "ሁለቱንም እሰጣታለሁ" አሉ። "እግዜርም ሐኪሙም የሚጣሉባት ልጅ አይደለችም።"

የእኔ ቤት ጸብ ሌላ ዓይነት ነበር። አማቴ እማ ዘይነብ አብረውን ይኖራሉ። ውጤቱን ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጄ ነው ያመጣብሽ ወይስ አንቺ ነሽ ያመጣሽበት?" አላውቅም አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ አላውቅም፣ ማወቅም አልተቻለም። በማግስቱ የእኔና የልጆቹ ሲኒና ኩባያ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘሁት። ሰሚራ ክሩን ጌጥ መስሏት ደስ አላት። አያቷ ሊስሟት ዝቅ ሲሉ ትዝ እያላቸው ቀና ማለታቸውን ግን እሷም አየች። ስድስት ዓመት አልፏት ነበር፤ ያየችውን አትረሳም።

ክረምት ገባ። አያ ጓዴ ሐምሌም ነሐሴም አልመጡም። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱም ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ስማቸው ሲጠራ እኔ "ይመጣሉ" እል ነበር። መስከረም ላይ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ውስጡ ማንም የለም። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ከእቅፋቸው ሁለት ጠርሙስ ባክትሪም አወጡ። ወንዙ ቢሞላ ተብሎ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተጨምረው የተሰጧቸው ናቸው፤ ክዳናቸው አልተከፈተም።

"ነሐሴ ላይ ነው የሄደችብኝ" አሉ። "ትኩሳት ነው። ወንዙን ሁለት ጊዜ ሞክሬ መለሰኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ መሞከሩ አላስፈለገም።"

ጠርሙሶቹን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"መድኃኒት ነው፣ ቤት ውስጥ ለምን ይቀመጣል? ይታይሽ ያልጠጣችው ነው። ለፉአድ ይሁን።"

ይህን ሊሰጡኝ ነው ያንን ሁሉ መንገድ የመጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የዚያን ወር በሆስፒታሉ ሽሮፕ ጠፍቶ ነበር፤ ልጆቼ የጠጡት የይታይሽን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱ ጎንደር መጣ ተባለ። በነጻ። ፒያሳ ላይ ሰው እንደ ሠርግ ያወራው ነበር። የእኔ ክብደት አርባ ኪሎ አይሞላም፤ ሲዲ ፎር የሚሉት፣ ሰውነትን የሚጠብቁ ሴሎች ቁጥር፣ ወርዶ ወርዶ ልክ አጥቶ ነበር። ማን እንደሚጀምር የሚወስን ኮሚቴ ነበረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ጋር ገባሁ። ሲስተር ብርቱካን ጥዋትና ማታ የሚዋጥ የወር ክኒን በነጭ ሳጥን ሰጠችኝ፤ እጇ ደስታዋን መደበቅ አልቻለም።

"የልጆቹስ?" አልኋት።

"ለልጆች ገና አልመጣም።"

"ሳጥኑ ውስጥ ያለው ያው መድኃኒት አይደለም እንዴ?"

"የአዋቂ ነው። የልጆች በሽሮፕ ነው የሚመጣው፣ በልካቸው። ይመጣል ብለውናል። ታገሺ።"

ታገሺ የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ አይወዳትም። ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖት ዘጠኝ ኪሎ ነው። የሚታገሥበት ሥጋ አልነበረውም።

አሥር ቀን ክኒኔን ዋጥሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን በቢላ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ግማሹን እኔ ዋጥሁ፣ ግማሹን ፈጭቼ በማር ለፉአድ አላስሁት። ሰሚራን አላሰብኋትም አልልም። አስቤያታለሁ። ሰሚራ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ እሷ ትጠብቃለች አልሁ። እናት ልጆቿን አትመርጥም የሚል ሰው ሁለት የታመመ ልጅና አንድ ሳጥን ይዞ አያውቅም።

አላህ ይመስክር፣ ልጄ ተነሣ። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ጠራ። ተቅማጡ ቆመ። አንድ ቀን ከሰሚራ ሳህን ሽንብራ ሰርቆ ሲሮጥ አየሁት፤ ሲሮጥ! ሳጥኗን ባወጣሁ ቁጥር እየሳቀ መጥቶ አፉን ይከፍታል፣ እንደ ወፍ ጫጩት። ስም እንኳ አውጥቶላታል፤ "ማሬ" ይላታል።

የተያዝነውም በመዳኑ ነው። ሲስተር ብርቱካን ፉአድን ከጣሪያው በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ ሰቅላ መርፌውን አየችው። ደገመችው። አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል። ሌሎቹ እናቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ሰጠሽው?"

"አጥሚት።"

"አጥሚት ድሮም ትሰጭው ነበር።" ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። "ከድጃ፣ ክኒንሽን እያካፈልሽው ነው?"

ሻሼን ወደ አፍንጫዬ ሳብሁት።

"ስሚኝ። ግማሽ መድኃኒት መድኃኒት አይደለም። ቫይረሱ ያን ግማሽ ይለምደዋል። አንዴ ከለመደው በኋላ ሙሉውን ብትውጭም አይነካውም። ለአንቺ የምንቀይርልሽ ሌላ መድኃኒት የለንም። እሱም ስንት እንደሚበቃው እኔ አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም። ጉበቱን ሊያቃጥለው ይችላል።"

"እየዳነ ነው እኮ! ሚዛኑን አይተሻል!"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ሙሉውን እሱ ይውሰድ። እኔ ይቅርብኝ።"

"አንቺ ስትሞቺ ማን ይሰጠዋል? ሰሚራንስ ለማን ትተያታለሽ?" ወደ ተዘጋው በር ዞር ብላ አየች። "ለኮሚቴው ብናገር ከዝርዝሩ ያወጡሻል። አልናገርም። አንቺ ግን ማይልኝ፣ ወላሂ በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን እንደምትውጭ።"

ማልሁ። በአላህ ስም ማልሁ፤ የማልሁት ልጄን ለመተው ነው።

ሲስተር በዚያው አልበቃትም። እቤት ድረስ መጥታ ለእማ ዘይነብ ነገረቻቸው። አማቴ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ፊት ነው የምትውጭው" አሉ። "ልጄን ቀብሬያለሁ። ይህ የልጄ ልጅ ምን እንደሚሆን አላህ ነው የሚያውቀው። አንቺንም ቀብሬ ይችን ልጅ በዚህ ጉልበቴ የማሳድጋት ይመስልሻል?" እንደ ጥላቻ ነበር የተናገሩት። ግን በዚያው ቀን ከኩባያዎቹ ላይ ክሩን ሲፈቱ አየኋቸው። ጥዋትና ማታ ውሃውን የሚሰጡኝ እሳቸው ሆኑ፤ ከውጥሁ በኋላ አፌን ያስከፍቱኛል።

ፉአድም አፉን ይከፍታል።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሳጥኗን ሲያይ እንደለመደው መጣ፤ አፉን ከፈተ፤ ጠበቀ። አላለቀሰም። ክኒኑን ስውጥ ጉሮሮዬን እያየ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባዶ ማር አላስሁት፤ ሁለት ሦስት ቀን ተታለለ። በአራተኛው ቀን ማሩን ቀመሰና ተፋው።

"የኔስ?" አለ።

"ያንተ ገና አልመጣም።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ነገ።"

በማግስቱ ተነሥቶ ገና ዓይኑን ሳይጠርግ፣ "ዛሬ ነገ ነው?" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ይጠይቀኝ ነበር። እማ ዘይነብ ይህን ሲሰሙ ወጥተው ግቢ ውስጥ ይቆማሉ። ተመልሰው ግን ውሃውን ያቀርቡልኛል።

ተቅማጡ በወሩ ተመለሰ። ኦአርኤሱን በማንኪያ፣ ቀስ እያልሁ፣ እንደገና እንደገና። አሥራ አንድ ሳምንት ቆየ። ያረፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ወጥታ፣ ሰሚራ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ጭኔ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ማታ እማ ዘይነብ ውሃ ይዘው መጡ። ዋጥሁ።

እኔ ወፈርሁ። ፊቴ ጠራ። ጎረቤቶች "አልሐምዱሊላህ፣ ከሞት ተነሣሽ" ይሉኛል። መስታወት ማየት ጠላሁ። ሰው ሲድን ይደሰታል ይላሉ፤ እኔ እያንዳንዷን ኪሎ ከማን ላይ እንደወሰድኋት አውቅ ነበር። በዚህ መሐል ሰሚራ ማሳል ጀመረች። ቲቢ ተገኘባት፣ የቲቢ መድኃኒት ጀመረች፤ ያም ሆኖ እየመነመነች ነበር።

ፉአድ በሞተ በሰባተኛው ወር ሲስተር ብርቱካን አስጠራችኝ። ሰሚራን ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ አዲስ ምላጭ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ሳጥኑን ስታወጣው አወቅሁት። የእኔው ነጭ ሳጥን ነው።

"የልጆቹ ሽሮፕ አሁንም አልመጣም" አለች። "ግን መመሪያ መጥቷል። የአዋቂውን ክኒን በልጁ ክብደት ልክ እየቆረጣችሁ ስጡ ተብለናል።"

ቆሜ ሰንጠረዡን አየሁት። በግራ በኩል ኪሎ፣ በቀኝ በኩል የክኒን ሥዕል፤ አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ግማሽ። የፉአድን ኪሎ ፈለግሁ። ነበረ። ከጎኑ የተሣለው ግማሽ ክኒን ነው። ጥዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ።

እሷም ወዴት እንደማይ አይታለች። ምላጩን ብታነሣም መቁረጥ አቃታት። "ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር፣ ከድጃ" አለች። "ወላሂ አላወቅንም" አለች፤ በእኔ መሐላ።

አመንኋት። ዛሬም አምናታለሁ። የነገረችኝም ነገር ትክክል ነበር፦ እኔ ግማሽ መውሰዴ ሁለታችንንም ሊገድለን ይችል ነበር። ይህን ለሚያነብ ሁሉ አጥብቄ እላለሁ፤ መድኃኒታችሁን ለማንም አታካፍሉ፣ ለልጃችሁም ቢሆን። ግን ለእሱ የሚሆን ሌላ አንድ ሳጥን በዚያ መጋዘን ነበረ። ለእኔ የተሰጠኝ ዓይነት ሳጥን ተደርድሮ ሳለ፣ ለልጄ ያጣነው መድኃኒት ሳይሆን ቁረጡ የሚል ወረቀት ነው። የአዋቂውን መድኃኒት የሠሩ፣ የጫኑ፣ ያከፋፈሉ ትልልቅ ሰዎች፣ ልጆችም በዚህ በሽታ እንደሚታመሙ ለማስታወስ ሰባት ወር ብቻ ዘገዩብኝ። ማመንና መብረድ አንድ አይደሉም። ምላጩን ከሲስተር እጅ ወስጄ የሰሚራን ክኒን ራሴ ቆረጥሁት። እጄ የለመደው ሥራ ነው።

ሰሚራ ዳነች። በሁለት ዓመት ውስጥ የክፍሏን ልጆች በቁመት ደረሰች። ሽሮፑም ከጊዜ በኋላ መጣ፤ እሷ ግን ያኔ አድጋ ነበር። እማ ዘይነብ ጉንጯን እየሳሙ ያቀብጧት ጀመር፤ በእርጅናቸው እስኪሞቱ ድረስ ክኒኗን በሰዓቱ የሚሰጧት እሳቸው ነበሩ።

እሳቸው በሞቱ በዓመቱ፣ ሰሚራ አሥራ ስድስት ሲሆናት፣ ከክሊኒኩ ተጠራሁ። ደሟ ውስጥ ቫይረሱ ጨምሯል፤ መድኃኒቷን እየወሰደች አይደለም አሉኝ። ቤት ገብቼ ፍራሿን አገላበጥሁ። በአንድ ካልሲ ውስጥ የሁለት ወር ክኒን አገኘሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካልሲውን አልጋው ላይ ዘርግፌ ጠበቅኋት። አየችውና ቦርሳዋን ሳታወልቅ ቆመች።

"ሰለቸኝ" አለች። "ሁልጊዜ ሰዓት። ጓደኛዬ ቤት ላድር ስል ሰዓት። ሰው ቤት ስንበላ ሰዓት። ደህና ነኝ እኮ፣ እዪኝ። ለምንድን ነው የምውጠው?"

ፉአድ በተቅማጥ እንደሞተ ነበር የምታውቀው። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኋት። ቢላውን፣ ማሩን፣ ሚዛኑን፣ መሐላዬን። አያቷ ውሃ ይዘው ሲቆሙ ወንድሟ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ እሷም እዚያው ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ትሠራ እንደነበር ነገርኋት። እኔ የኖርሁት እሷን ላሳድግ ብዬ እንደሆነም ነገርኋት።

አንዱን ክኒን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ከዚያ፣ "እኔ እንዲህ አድርጊልኝ ብዬሻለሁ?" አለች።

"አላልሽኝም።"

"እሱ አፉን ሲከፍት አስታውሳለሁ። የሚጫወት መስሎኝ ነበር።" ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ግን አላለቀሰችም። "አሁን በየቀኑ ስውጥ እሱን እንዳስብ ነው የፈለግሽው?"

ምናልባት የፈለግሁት ይኸንኑ ነው። ለብዙ ዓመት ለብቻዬ የተሸከምሁትን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ጫንሁት።

ቦርሳዋን አወለቀች። ከተዘረገፈው አንዱን አነሣችና ያለ ውሃ ዋጠችው፤ ሲወርድ ፊቷ ተጨማደደ።

"ለፉአድ ብዬ አይደለም" አለችኝ። "ለአንቺም ብዬ አይደለም። መኖር ስለምፈልግ ነው።"

ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ስትቀዳና ስትጠጣ ይሰማኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላህ ያውቃል፣ ደስም አለኝ። ግን ፉአድም እኮ መኖር ይፈልግ ነበር።